ሞተሩን የሚሰብረው ውርጩ ሳይሆን ያደረው ውሃ ነው

በደጋማ ወረዳዎቻችን የመስኖ ወቅትና የውርጭ ወቅት አንድ ላይ ይመጣሉ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ አርሶ አደሩ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ካስቀመጠበት አውጥቶ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ያው የጠራ ሰማይ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱን ያቀዘቅዘዋል። ምድር ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት የሚይዝላት ደመና ስለማይኖር ንጋት ላይ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይገኛል። በባሶና ወራና፣ በመንዝ፣ በደባርቅ፣ በደላንታና በጉና ተራራ ዙሪያ ለሚኖር ገበሬ ይህን የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

ስለ ውርጭ ስንነጋገር ግን ዘወትር የምናነሳው ሰብሉን ብቻ ነው። ባቄላው አበባውን ጣለ፣ የድንቹ ቅጠል ጠቆረ እንላለን። ለሰብሉ ውሃ የሚያመጣው ሞተር፣ ለቤተሰቡ የሚያጠጣው ቧንቧ ግን ከወሬውም ከዕቅዱም ተረስቷል። በእኔ እምነት በውርጭ የሚሰነጠቅ ፓምፕና የሚፈነዳ ቧንቧ እንደ በረዶ ወይም እንደ ጎርፍ የሚቆጠር የተፈጥሮ አደጋ አይደለም። ማታ በሚሠራ የጥቂት ደቂቃ ሥራና ቧንቧው ሲዘረጋ በሚደረግ ጥንቃቄ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው። ስለዚህ ለገበሬው በሚሰጥ ምክር ብቻ ሊታለፍ አይገባም። በወረዳው የበጋ መስኖ ዕቅድ ውስጥ በስሙ ተጽፎ ኃላፊ ሊመደብለት ይገባል።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። 10 ሊትር ውሃ ቢረጋ ወደ 11 ሊትር የሚጠጋ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። በተዘጋ ፓምፕ ወይም ቧንቧ ውስጥ ያደረ ውሃ ይህን ቦታ ሲያጣ ብረቱን ይገፋል። የፓምፑ ሆድ የተሠራበት ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ወይም አሉሚኒየም ደግሞ አይለጠጥም፤ ይሰነጠቃል። ባዶ ሆኖ ያደረ ፓምፕ ግን ቅዝቃዜው የቱንም ያህል ቢበረታ የሚገፋው ነገር ስለሌለ ደህና ያድራል።

በአገራችን ውርጭ የሚጸናው ንጋት ሲቃረብ ለጥቂት ሰዓታት ነው። ስለዚህ ትልቅ ታንከር ሙሉ በሙሉ ይረጋል ተብሎ አይፈራም። አደጋው ያለው ጥቂት ውሃ በሚይዙት ላይ ነው፤ በፓምፑ ሆድ፣ ከመሬት በላይ በወጣ ቀጭን ቧንቧ፣ በቆጣሪና በቧንቧ ራስ ላይ። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወደ ቁልቁል ይወርድና ሸለቆ ውስጥ ይተኛል። ሞተሩ የሚቀመጠው ደግሞ እዚያው ወንዝ ዳር ነው። የከተማው የአየር ትንበያ ከዜሮ በላይ ቢልም ወንዝ ዳር ያለው መሬት ከዜሮ በታች ሊወርድ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

መፍትሔው ማታ ውሃውን ማፍሰስ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መሳቢያ ቱቦውን ከወንዙ ማውጣት፣ ከፓምፑ ሆድ ግርጌ ያለውን የማፍሰሻ ቡሎን መፍታት፣ አየር እንዲገባ ከላይ ያለውን የውሃ መሙያ ክዳን መክፈት፣ ከዚያም ፓምፑን ወደ ማፍሰሻው በኩል ትንሽ ዘንበል ማድረግ ይበቃል። ቡሎኑ እንዳይጠፋ በሲባጎ ከሞተሩ እግር ጋር ማሰር ጥሩ ነው። በራዲያተር የሚቀዘቅዝ ትልቅ የናፍጣ ሞተር ከሆነ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ካልተጨመረበት በቀር የራዲያተሩና የሞተሩ ውሃም እንዲሁ መፍሰስ አለበት።

ገበሬው ይህን ሥራ የሚተወው በስንፍና አይደለም። ፓምፑ ማታ ከፈሰሰ ጠዋት እንደገና ውሃ መሞላት አለበት። ሳይሞላ ከተነሳ ውሃ አያነሳም፤ በደረቁ ሲዞር ደግሞ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘው ሲል ተቃጥሎ ይበላሻል። የመስኖ ተራው በሰዓት የተከፋፈለበት ሰው ጠዋት የሚያጠፋትን ሩብ ሰዓት ይሰስታል። ስለዚህ አፍስሱ ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። ለጠዋቱ መሙያ የሚሆን አንድ ጀሪካን ውሃ ማታውኑ ቀድቶ ቤት ማሳደር፣ የመሙያውንም ጊዜ ከተራው ሰዓት ውጭ እንዲሆን በቡድኑ መስማማት ያስፈልጋል።

ሞተሩ የቡድን ሲሆን ችግሩ ይብሳል። ሁሉም የኔ ነው የሚለው ዕቃ ማታ ላይ ባለቤት ያጣል። ውሃ ተጠቃሚዎች ተራ ሲያወጡ አንዲት ደንብ ቢጨምሩ ብዙ ክርክር ይቀራል፤ በዕለቱ መጨረሻ የተጠቀመ ሰው ያፈስሳል፣ ቡሎኑንና መፍቻውንም ለቀጣዩ ያስረክባል። ይህን ያላደረገ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ይሆናል።

ወደ ግቢና ወደ ቦኖ ስንመጣ ዋናው ጥበቃ መሬቱ ራሱ ነው። የእኛ ውርጭ የሌሊት እንግዳ ነው፤ ቀን ፀሐይዋ መሬቱን ስለምታሞቀው ቅዝቃዜው ጠልቆ አይገባም። 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ተቆፍሮ የተቀበረ ቧንቧ ከውርጭ ብቻ ሳይሆን ከማረሻ፣ ከጋሪ ጎማና ከፀሐይም ይድናል። በአንጻሩ ሥራውን ለማፋጠን ተብሎ በአፈር ብቻ ሸፈን የተደረገ ወይም በድንጋይ ላይ የተንጋለለ ፕላስቲክ ቧንቧ ቀን በፀሐይ ይደርቃል፣ ሌሊት በብርድ ይሰባበራል። ጥቁሩ ፖሊኢትሊን ከጠንካራው ፒቪሲ ይልቅ የመለጠጥ አቅም ስላለው ለደጋው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ግን መቀበሩ አይቀርለትም።

ከመሬት በላይ የሚወጣውን ቁመት በደረቅ ጭድና በጆንያ ጠቅልሎ ከላይ በላስቲክ ማሰር ይገባል። ላስቲኩ የሚያስፈልገው ጭዱ ከረጠበ ብርድ መከላከሉ ስለሚቀር ነው። ውርጭ በሚጠበቅበት ማታ ደግሞ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ ዘግቶ የቧንቧውን ራስ ክፍት መተው ነው። መዝጊያው አጠገብ ዝቅ ያለ ማፍሰሻ ካለ ቁመቱ ባዶ ሆኖ ያድራል። ውሃው ሌሊቱን እንዲንጠባጠብ መተው በሌላ አገር የሚሠራበት ዘዴ ቢሆንም ጠብታው በሚቆጠርበት በእኛ ቀበሌ አይመከርም።

ሳይታሰብ ረግቶ የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ችኮላ ጉዳቱን ያብሳል። በቧንቧው ሥር እሳት ማንደድ ፕላስቲኩን ያቀልጣል፣ ብረቱንም በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቃል። የረጋ ፓምፕ ገመድ እምቢ ሲል በጉልበት መሳብ በውስጡ ያለውን መዘውር ይሰብራል። ፀሐይዋ እስክትጠና መጠበቅ ወይም ለብ ያለ ውሃ በጨርቅ ላይ ቀስ እያሉ ማፍሰስ ይሻላል። ቧንቧ ከሆነ ከራሱ በኩል ጀምሮ ወደ ታች መሄድ ነው፤ የቀለጠው ውሃ መውጫ ያገኛልና።

እስካሁን ያልኩት የገበሬው ድርሻ ነው፤ የወረዳው ድርሻ ግን ከዚህ ይከብዳል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሞተር ሲያሰራጭ ርክክቡ በፊርማ ብቻ ሊያልቅ አይገባም። ተረካቢው በባለሙያው ፊት ፓምፑን አፍስሶና መልሶ ሞልቶ ማሳየት አለበት፤ የቡሎኑ መፍቻም አብሮ ይሰጠው። የውሃ ሥራውን የሚረከበው ጽሕፈት ቤትም ለሥራ ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ቦዩ ሳይደፈን ጥልቀቱን በሜትር ይለካ፣ ማፍሰሻ መኖሩንም ይይ። አፈር ከለበሰ በኋላ የሚቀርብ ሪፖርት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ ማስጠንቀቂያው ነው። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በበጋው ወቅት በሚያወጣው ትንበያ ውርጭ ሊኖር እንደሚችል ይገልጻል። መረጃው ወረዳ ሲደርስ ለሰብል ባለሙያ ተሰጥቶ መቆም የለበትም። በዚያው ቀን ለቀበሌው የውሃ ኮሚቴና ለሞተር ቡድን መሪዎች በስልክ መድረስ አለበት፤ መልእክቱም «ዛሬ ማታ አፍስሱ» የሚል አጭር ይሁን። በየዓመቱ ጥቅምት ሳይጋመስ ደግሞ ባለሙያውና ኮሚቴው ቧንቧውን በእግራቸው ተከትለው የተራቆተውን መዝግበው ያስቀብሩ። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ ዶማና የአንድ ቀን የጋራ ጉልበት ይበቃዋል።

ይህን ያህል የምጨነቀው ለብረቱ ዋጋ ብቻ አይደለም። ቀን በቂ ውሃ የጠጣ መሬት ከደረቅ መሬት ይልቅ ሙቀት ይይዛል፤ ሌሊቱንም ቀስ እያለ ይለቃል። ስለዚህ ውርጭ ከሚጠበቅበት ሌሊት በፊት ማሳን ማጠጣት ድንቹንና አትክልቱን ከሚከላከሉ ዘዴዎች አንዱ ነው። ታኅሣሥ ላይ ሞተሩ የተሰነጠቀበት ገበሬ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ አንድ ጊዜ በሞተሩ፣ ሁለተኛ ደግሞ መከላከያ በሌለው ማሳው። መለዋወጫው ከከተማ እስኪመጣ ሰብሉ አይጠብቀውም። የዘንድሮው ውርጭ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ወረዳ ስንት ሞተር እንዳለው ብቻ ሳይሆን የስንቱ ማፍሰሻ ቡሎን በእጅ እንደሚፈታም ቆጥሮ ይወቅ።