የዕረፍት ቀን ችሮታ አይደለም

ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ «መጀመሪያ ገንዘቡ ይያዝ፤ ሌላው ይደርሳል» ተብሎ ይሸኛል። ምክሩ ከድህነት የመነጨ ስለሆነ አልፈርድበትም። ግን ልክ አይደለም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር አብርሃም ማስሎ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት በደረጃ አስቀምጧል፤ መጀመሪያ ምግብና መጠለያ፣ ቀጥሎ ደኅንነት፣ ፍቅርና ወዳጅነት፣ ክብር፣ በመጨረሻም ተሰጥኦን እውን ማድረግ። ብዙዎች የሚዘነጉት ግን የታችኛው ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ሳይሟላም የላይኛው እንደሚነሣ እሱ ራሱ መግለጹን ነው።

በኳታር ዋና ከተማ ዶሃ ዓርብ ከሰዓት ኮርኒሽ በሚባለው የባሕር ዳር መንገድ ለሚቀመጥ ይህ ግልጽ ነው። ነጠላ የለበሰች ወጣት ገንዘብ ልካ ያሠራችውን ባለቆርቆሮ ቤት በስልኳ ታሳያለች፤ ጓደኞቿ «እሰይ፣ ጎበዝ!» እያሉ ስልኩን ይቀባበላሉ። አጠገቧ ያለችው የዕቁብ ሰብሳቢ ናት። ሳምንቱን ሙሉ የማዳሟን ትእዛዝ ስትቀበል የሰነበተች ሴት እዚህ ደብተር ይዛ ታስተባብራለች፤ ቃሏም ይደመጣል። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ተመራማሪዎች ለሰው ልጅ መሠረታዊ ናቸው ያሏቸው ሦስት ነገሮች፣ በራስ መወሰን፣ ብቃትና ከሰው ጋር መተሳሰር፣ በዚች ግማሽ ቀን ይገኛሉ። ቀጣዩን ሳምንት የሚያስችለውም ይኸው ነው።

ኳታር እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው ሕግ ቁጥር 15 ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ዕረፍት ከነክፍያው ይፈቅዳል። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮም ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,000 ሪያል ሆኗል። ሆኖም አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2020 ካነጋገራቸው 105 የቤት ሠራተኞች ብዙዎቹ አንድም ቀን አርፈው እንደማያውቁ ተናግረዋል። ደመወዝ ዘገየ ሲባል ቤተሰብም ኤጀንሲም ይጮኻል፤ የዕረፍት ቀን ሲቀር ግን ማንም አይጮኽም።

መጮኽ አለብን። ኤጀንሲዎች ውል ሲያስፈርሙ የዕረፍት ቀኑን በግልጽ ያስረዱ። ዶሃ ያላችሁ ወገኖች ከቤት የማትወጣ እህት ካወቃችሁ መብቷን ንገሯት። አገር ቤት ያላችሁ ወላጆችም ሐዋላው ሲደርሳችሁ ከምርቃታችሁ ጋር ለልጃችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩላት፦ «በዚህ ሳምንት አረፍሽ ወይ?»