ብሎን ማሳመር ሌላ፣ ብሎን ማሠራት ሌላ

ሰሞኑን ውስጤ ሲብላላ የከረመ ነገር አለ፤ ዛሬ ልተንፍሰው። በተለይ ቴክኒካል ድሮዊንግ ያስተማርኳችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። የሚቀየመኝ ካለም ይቀየመኝ።

ካድ የጀመረ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚፖስተው ምንድን ነው? ብሎን! ጥርሱ አንድ በአንድ ተጠምዝዞ የወጣ፣ የሚያብረቀርቅ ብሎን። ከሥሩ ላይኩና "ጀግና!" የሚለው ኮመንት ይዥጎደጎዳል። እኔ ግን እላለሁ፦ ወርክሾፕ በሚገባ ሥራ ላይ የመደበኛ ብሎን ጥርስ መቅረጽ ችሎታ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ አለማወቅን መሸፈኛ ነው።

በቅርቡ አንድ የድሮ ተማሪዬ የአንድ ማሽን ክዳን ከነመቀመጫው ዲዛይን አድርጎ ቶርኖ ቤት አሠራ። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ፋይሉን ላከልኝ፤ ስከፍተው ላፕቶፔ ትንፋሽ አጠረው። ስምንት ብሎን፣ እያንዳንዱ 30 ሚሊ ሜትር ጥርስ፣ በ1.5 ፒች 20 ዙር። በጠቅላላው 160 ዙር ጥምዝ! መቀመጫው ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ግን ልሙጥ ናቸው። ወረቀቱ ላይም "ዲያሜትር 10" ብቻ ነው የተጻፈው። ባለሙያው የተጻፈለትን አምኖ በ10 በሳው። ኤም10 ብሎኑ ዘው ብሎ ገባ፤ የሚነክሰው ነገር የለማ! ወደ ኤም12 እናሳድገው ቢባል ግድግዳው ቀጭን ነው። ብረቱ ተጣለ፣ ልጁም ከኪሱ ከፈለ።

ያ ሁሉ ጥምዝ ያልተናገረውን አንድ መስመር ጽሑፍ ይናገረው ነበር፦ "ኤም10 × 1.5፣ የጥርስ ጥልቀት 25"። ይቺን ያየ ባለሙያ በ8.5 ፑንታ በስቶ በታፕ ጥርስ ያወጣለታል። ሒሳቡ 10 ሲቀነስ 1.5 ነው፤ በቃ። የጥርሱ ማዕዘን 60 ዲግሪ መሆኑን እንኳ መንገር አያስፈልግም፤ ስታንዳርዱ አስቀድሞ ነግሮታል።

ስታንዳርድ የመጣው እኮ ለዚህ ነው። ድሮ እያንዳንዱ ወርክሾፕ የራሱን ጥርስ ነበር የሚያወጣው፤ የአንዱ ብሎን ለሌላው ዳዶ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1841 እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ አንድ ወጥ ልክ ይኑረን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ሜትሪኩም ኋላ መጣ። ከዚያ ወዲህ የብሎን ጥርስ በስሙ የሚጠራ ነገር ሆነ። በስሙ ብትጠራው የሚመጣን ነገር ምስሉን እየሳልክ ለምን ትደክማለህ?

"ቲቸር፣ ካልተቀረጸ እውነተኛ አይመስልም እኮ" ትሉኛላችሁ። ለማን ነው የሚመስለው? ቶርኖ ላይ የቆመው ሰው ጥምዛችሁን አይገለብጥም፤ ፒቹን አይቶ ማሽኑን ያስተካክላል። ሶሊድወርክስም ሆነ ኢንቬንተር ጥርሱን ሳይቀርጹ በምልክት የሚያሳዩበት መንገድ ያላቸው ከስንፍና አይደለም። ወረቀት ላይም ያው ነው፦ ለብሎን ጥርሱ ጫፍ ወፍራም መስመር፣ ለሥሩ ቀጭን መስመር፣ ከፊት ሲታይ ደግሞ ሦስት አራተኛ የሆነ ቀጭን ክብ። ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሣልኩላችሁ!

ፍርደ ገምድል እንዳልባል ይህንንም ልጨምር። በስሪዲ ፕሪንተር የምታትሙት የጠርሙስ ክዳን ከሆነ ጥርሱን ቅረጹት፤ ፕሪንተሩ የተሰጠውን እንጂ ስም አያነብም። ያኔም ክዳኑ እንዳይጠብቅ ትንሽ ክፍተት መተው አትርሱ። ለማስታወቂያ ምስልም ከሆነ እንደፈለጋችሁ አሳምሩ። ለብረት ሥራ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ያ ልጅ ክፍል ውስጥ እያለ የተጠማዘዘ ብሎን ሠርቶ ሲያመጣ ከ20 ሃያ የሰጠሁት እኔ ነኝ። "ለዚህ ብሎን ቀዳዳው በስንት ይበሳል?" ብዬ አልጠየቅኩትም። እኔ ያልጠየቅኩትን ጥያቄ ቶርኖ ቤት ጠየቀው፤ ዋጋውን ግን እሱ ከፈለ። ከዚህ በኋላ ለጥምዝ ማርክ የለም። ማርኩ ያለው ቀዳዳው ላይ ነው።

የምታስተምሩ ባልደረቦቼም አስቡበት። እናንተ ልጆች ደግሞ ዛሬውኑ ፋይላችሁን ክፈቱና ጥርስ የሚወጣለትን ቀዳዳ ሁሉ ፈልጉ። ስሙ፣ ፒቹ፣ ጥልቀቱ ተጽፏል? ካልተጻፈ ሥዕሉ ገና አላለቀም።

ኤም8 ባለ 1.25 ፒች በስንት ይበሳል? ኮመንት ላይ እጠብቃለሁ። ጎግል ማድረግ ክልክል ነው!