ጾምና ፍትሕ በሴልማ ከተማ

የካቲት 28 ቀን 1957 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1965) በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት የምትባለው የዐቢይ ጾም እሑድ ነበረች። በዚያችው ዕለት በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ግዛት፣ ሴልማ በምትባል ከተማ 600 ያህል ሰዎች ከብራውን ቻፕል ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሞንትጎመሪ ጉዞ ጀመሩ። ኤድመንድ ፔተስ የሚባለውን ድልድይ እንደ ተሻገሩ ግን የግዛቲቱ ፖሊሶች በዱላና በሚያስለቅስ ጢስ ተቀበሏቸው፤ ብዙዎችም ቈስለው ወደቁ።

የጠየቁት ምን ነበር? እንደ ማንኛውም ዜጋ ድምፅ ሰጥቶ መምረጥን ነው። በዚያ አውራጃ ዕድሜያቸው ለምርጫ ከደረሰ 15,000 ያህል ጥቁሮች መካከል በመዝገብ የተጻፉት ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም ነበር። የመዝጋቢው ቢሮ በወር ሁለት ቀን ብቻ ይከፈታል፤ ለቀረበውም ሰው ሆነ ተብሎ የከበደ ፈተና ይሰጠዋል።

ከዚህ በኋላ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የሃይማኖት አገልጋዮች ሁሉ መጥተው ከተገፉት ጋራ እንዲቆሙ ለመኑ። ጥሪውን ሰምተው ከቦስተን የመጡት ነጩ ሰባኪ ጄምስ ሪብ በከተማው መንገድ ላይ ተደብድበው በሁለተኛው ቀን ሞቱ። መጋቢት 6 ቀን የመታሰቢያቸው ጸሎት በተደረገ ጊዜ የግሪክ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ ሊቀ ጳጳስ ኢያኮቮስ፣ በእኛ አጠራር ያዕቆብ፣ ጥቁር ልብሰ ጵጵስናቸውን እንደ ለበሱ ከዶክተር ኪንግ አጠገብ ቆሙ፤ እስከ ፍርድ ቤቱም ደጃፍ ድረስ አብረው ሄዱ። ፎቶግራፋቸውም በላይፍ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ።

ይህ ሥራ ዋጋ አስከፍሏቸዋል። ከገዛ ምእመናናቸው መካከል ሳይቀር የነቀፏቸው፣ ከዳተኛ ብለው የሰደቧቸውም ነበሩ። እርሳቸው ግን ኢምብሮስ በምትባል ደሴት ተወልደው፣ በቱርክ አገር በቍጥር ጥቂት ከነበረው ከግሪክ ወገን ስለ ነበሩ፣ በዘር ምክንያት መናቅ ምን እንደ ሆነ ያውቁት ነበር።

ሐምሌ 30 ቀን በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመምረጥን መብት የሚጠብቀውን ሕግ ፈረሙ። ይሁን እንጂ በ2005 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከዚህ ሕግ አንዱን ዋና ክፍል ሥራ ላይ እንዳይውል አድርጎታል። እንግዲህ በብዙ ደም የተገኘ መብት እንኳ ጠባቂ ካጣ ይላላል።

አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ እውነተኛ ጾም ያስተማረውን በየዓመቱ እንሰማለን። ነገር ግን ከሥጋና ከቅቤ የተከለከለው አፋችን በልጆቻችን ፊት የሰውን መልክና ዘር እየጠራ ቢዘብት ጾማችን ምን ይጠቅመናል? ሕፃን ልጅ ሰውን መናቅን የሚማረው ከማዕዳችን ዙሪያ ነው፤ ማክበርንም የሚማረው ከዚያው ነው። ሊቀ ጳጳሱ በዚያ ቀን ያደረጉት፣ ከተናቀው ሰው አጠገብ መቆም ብቻ ነበረ። ይህን ለማድረግ ጵጵስና አያስፈልግም። አምላካችን ልቡናውን ያድለን፤ አሜን።