«እኔ ጋ ይሠራል» ብል ማን ይስማኝ?

የዛሬው ደብዳቤ የፍቅር አይደለም፤ የትዳርም አይደለም። ግን እናትና ልጅን ያኮራረፈ ነገር ነው። ጸሐፊዋ የ23 ዓመት ወጣት ናት። ስሟን ትተን ነገሩን እንስማ፦

«አጎቴ ክፍለ ሀገር ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ድረ ገጽ እንድሠራላቸው ጠየቁኝና ግማሹን ሒሳብ አስቀድመው ሰጡኝ። ሁለት ወር ለፋሁበት። ላፕቶፔ ላይ ሲታይ እሰየው ነው! ባለፈው እሁድ ቤተሰብ ለቡና ተሰብስቦ ሳለ አጎቴ ያቺን አሮጌ ስልካቸውን አውጥተው ገጹን ከፈቱት። አማርኛው በሙሉ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ቁጭ! ከዱባይ ለእረፍት የመጣችው ልጃቸው ደግሞ በአይፎኗ ከፈተችው። ጽሑፉ ይነበባል፤ ‹ክፍል ይያዙ› የሚለው ቁልፍ ግን የለም። በሳፋሪም በክሮምም ሞከረችው፤ ያው ነው። እኔ ጋ እኮ በክሮም ይሠራል ብዬ ብምል ማን ይስማኝ? አጎቴ ‹ገንዘቤን ውሃ በላው› አሉ። እናቴ በወንድሟ ፊት አፍራ እስካሁን አኩርፋኛለች። ብሩን ልመልስ ወይስ ገጹን ከሀ ጀምሬ እንደገና ልሥራው?»

እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። ብሩን ከመለስሽ «አልችልም» ብለሽ ፈረምሽ ማለት ነው። ከሀ ከጀመርሽም ያንኑ ችግር ይዘሽው ትሄጃለሽ፤ ምክንያቱም ምን እንደሆነ ገና አላወቅሽውም።

እስቲ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። በአጎትሽ ስልክ የጠፋው ፊደል ነው። በልጃቸው ስልክ ፊደሉ አለ፤ የጠፋው ቁልፍ ነው። ታዲያ ይኼ አንድ ችግር ነው እንዴ? አንዱ ራስ ምታት ነው፣ ሌላው የእግር ወለምታ። «ገጹ ተበላሸ» ብለሽ አንድ ላይ ስለጠቀለልሻቸው ነው ተራራ የሆኑብሽ።

ድረ ገጽ እንደ ፎቶግራፍ ተነስቶ የሚላክ ነገር አይደለም። የሚላከው ትእዛዝ ነው፤ የሚስለው እዚያ ተቀባዩ ስልክ ላይ ያለው ብራውዘር ነው። አንዱን ልክ ለሦስት ልብስ ሰፊ ብትሰጪ ሦስት ዓይነት ቀሚስ ይመጣልሻል አይደል? የክሮም ልብስ ሰፊ ብሊንክ ይባላል፣ የፋየርፎክስ ጌኮ፣ የሳፋሪ ዌብኪት። ኤጅ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ ኦፔራም ከ2013 ወዲህ ኮምፒዩተር ላይ የሚጠቀሙት የክሮምን ነው። ስለዚህ በክሮም፣ በኤጅና በኦፔራ አይቶ «በሦስት ብራውዘር ሞከርኩት» የሚል ወጣት የሞከረው በአንድ ነው።

አሁን ወደ ዱባዪቱ ልጅ አይፎን እንምጣ። አንቺን ግራ ያጋባሽ ይኼ ነው፤ በክሮምም እምቢ አለ ተባልሽ። እህቴ፣ አይፎን ላይ ያለው ክሮም ያንቺ ላፕቶፕ ክሮም አይደለም! ስሙና መልኩ ነው እንጂ ውስጡ ያው የሳፋሪው ዌብኪት ነው። አፕል ለዓመታት ሌላ ሞተር ከልክሎ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2024 ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች በር ከፈተ፤ ዱባይ ግን ከዚያ ውጭ ናት። እናም ልጅቷ ሁለት ጊዜ የሞከረችው አንዱኑ ነው። አንቺም መማልሽ በከንቱ አልነበረም።

ቁልፉስ የት ገባ? ኮዱን ባላየውም ጥርጣሬዬን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን ክፍል የስክሪኑን ቁመት 100 በመቶ እንዲይዝ በ«ቪኤች» አዘሽ፣ ቁልፉን ከታች ጫፍ አስቀምጠሽው ይሆናል። አይፎን ደግሞ ያንን 100 የሚቆጥረው የአድራሻ መስመሩ እንደተሰበሰበ አድርጎ ነው። ገጹ ሲከፈት መስመሩ ስላለ የታችኛው ጫፍ ከሥሩ ይደበቃል። ቁልፉ አልጠፋም፤ ተሸፍኗል። ለዚህ የመጣ «ዲቪኤች» የሚባል አዲስ መለኪያ አለ፤ ሳፋሪ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ያውቀዋል። አሮጌውን መስመር ሳታጠፊ አዲሱን ከሥሩ ጻፊው። ሲኤስኤስ ደግ ነው፤ ብራውዘሩ ያልገባውን መስመር ዘሎ በገባው ይሠራል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ቁልፉን ወደ ላይ ብታወጪው ይሻላል። ክፍል ፈላጊ ሰው ቁልፍ ፍለጋ ምን ያንከራትተዋል?

ላፕቶፕሽ ላይ መስኮቱን በስልክ ልክ አጥብበሽ ማየትሽም አይቀርም። መልካም ነው፤ ጽሑፍ መጋፋቱን፣ ፎቶ መውጣቱን ያሳይሻል። ሞተሩ ግን ያው ያንቺው ክሮም ነው፤ የአይፎንን ጠባይ አይነግርሽም።

ወደ አጎትሽ ሳጥኖች ስንመጣ ነገሩ ሌላ ነው። ላፕቶፕሽ ላይ የጫንሽውን ቆንጆ ፎንት ስሙን ብቻ ጠርተሽ ከሆነ፣ እሳቸው ስልክ ላይ እሱ የለም። ብራውዘሩ ያልተገኘውን ትቶ ስልኩ ውስጥ ሌላ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት ይፈልጋል። አሮጌ አንድሮይድ ላይ እሱም ሳይኖር ይቀርና… ሳጥን! መድኃኒቱ ፎንቱን ራሱን ከገጹ ጋር ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ነው። «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ነጻ ነው፤ «አቢሲኒካ»ም አለ። አጎትሽ የሚጠቀሙት ኦፔራ ሚኒ ከሆነ ግን ያስቀመጥሽውን ፎንት ላይጭነው ይችላል። ለዚያ ብለሽ ስልክ ቁጥሩንና ዋጋውን በተራ ቁጥር ጻፊው፤ ፊደሉ ቢጠፋ እንኳ እንግዳው ይደውላል።

ሳጥን ሳይሆን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ያ ሲሆን ፎንት አትንኪ። ወይ ገጹ አናት ላይ ዩቲኤፍ-8 የሚለው መስመር ተረስቷል፣ ወይ ጽሑፉ የተገለበጠው ከድሮ ፋይል ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሉን በላቲን ቦታ ላይ ስለሚያስቀምጡት፣ ያው ፎንት ከሌለ ዝባዝንኬ ይወጣል። እሱን እንደገና መተየብ ወይም በመቀየሪያ ፕሮግራም ማሳለፍ ነው።

አደራ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ። አምስት ነገር ነካክተሽ ቢስተካከልልሽ የትኛው እንዳዳነው አታውቂም፤ ነገ ሲመለስብሽ ዳር ዳር ትያለሽ። ምክንያቱ ጨርሶ ካልገባሽ የገጹን ቅጂ አውጪና ግማሹን ሰርዢ። ችግሩ አሁንም ካለ በቀረው ግማሽ ውስጥ ነው። እንደገና ግማሹን… እንዲህ እያልሽ የሚያሳብቀው መስመር ላይ ትደርሻለሽ። አሰልቺ ነው፤ ከማልቀስ ግን ይሻላል። ካስተካከልሽ በኋላም አጎትሽ «ያው ነው!» ሊሉሽ ይችላሉ፤ ስልካቸው የድሮውን ቅጂ አስቀምጦ እያሳያቸው ይሆናልና በግል መስኮት ክፈችላቸው።

ስለ አጎትሽ አንድ ነገር ልበል። ሰው ፊት ማዋረዳቸው ደስ አይልም፤ ስህተት ግን አላዩም። እንግዳ ክፍል የሚይዘው በእንደ እሳቸው ዓይነት ስልክ ነው። «እኔ ጋ ይሠራል» የሚለው መልስሽ እውነት ቢሆንም ለእሳቸው ስድብ ነው፤ «እርስዎ ጋ ነው ጥፋቱ» ማለት ይመስላል። ሄደሽ «ጋሼ፣ ስልክዎን ያሳዩኝ» በያቸው፤ የስልኩን ዓይነት፣ የብራውዘሩን ስምና ቁጥር መዝግቢ፣ የሚታየውንም ፎቶ አንሺ። ቀሪውን ሒሳብ ሁለቱም ስልኮች ላይ ከሠራ በኋላ ጠይቂ፤ ያኔ ጠይቂ ግን፤ ዘመድ ነኝ ብለሽ እንዳትተዪው! ለሚቀጥለው ደንበኛ ደግሞ በየትኞቹ ስልኮች እንደሚሞከር ቀብድ ከመቀበልሽ በፊት በወረቀት ይስፈር።

እናትሽን ለጊዜው ተያት፤ ወንድሟ ከታረቀሽ እሷም ትታረቅሻለች። አሁን የሚያጣድፍሽ ሌላ ነው፤ ልጅቷ ወደ ዱባይ ከመመለሷ በፊት አይፎኗን ለግማሽ ቀን ተዋሺ።