በጥላ ሥር ስለሚያብበው ነጭ አበባ

ሰላ ድንጋይ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ የተቀመጡባት ከተማ ስለ ሆነች፤ ስለ ደጋ ቤት አያያዝ በምንናገርበት ጊዜ ስሟን ማንሣት የሚገባ ይመስለናል። ብርዷ ጽኑ ነው፤ ከቤትም ጓሮ ፀሓይ እምብዛም የማይደርስበት እርጥብ ስፍራ አይታጣም። በዚያ ጽጌረዳ ቢተክሉት ይመነምናል እንጂ አያምርም። እንግዲህ ስፍራው ባዶውን እንዳይቀር ምን ይተከልበት ለሚሉን ሁሉ፤ ካላ የሚባለውን ነጭ አበባ እናመለክታለን።

ይህ ተክል አንድ ጊዜ ከተተከለ ከሥሩ እያቈጠቈጠ ብዙ ዘመን ይኖራል። ቅጠሉ ሰፊና እንደ ጦር ጫፍ የሾለ ነው፤ አበባውም የመለከት አፍ ይመስላል። ነገር ግን ነጩ መጐናጸፊያ በእውነቱ አበባ አይደለም፤ መልኩን የለወጠ ቅጠል ነው። እውነተኞቹ አበቦች በመካከሉ እንደ ጣት በቆመው ቢጫ ዘንግ ላይ የተደረደሩት ደቃቃን ናቸው። በወገኑም የጎደሬ ዘመድ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ማወቅ ይገባል። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1753 ዓመት ይህን ተክል «የኢትዮጵያ ካላ» ብሎ በላቲን ሰየመው፤ በ1826 ሌላው ሊቅ ሽፕሬንግል የወገኑን ስም ዛንተዴስኪያ ብሎ ቢለውጠውም፤ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቅጽል እስከ ዛሬ አልተለየውም። ይሁን እንጂ የተወለደበት አገር ደቡብ አፍሪካና በዙሪያዋ ያሉት አገሮች ናቸው። የቀድሞ ጸሓፊዎች ከግብፅ ወዲያ ያለውን የጥቍር ሕዝብ አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ስለ ነበረ ስሙ ከዚያ መጣ። በአውሮፓ ሙሽሮች የሚይዙትን ይህን አበባ፤ በተወለደበት አገር የሚኖሩ የሆላንድ ተወላጆች «የእሪያ ጆሮ» ብለው ይጠሩታል። ክብር እንደ አገሩና እንደ ተመልካቹ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

አተካከሉ እንዲህ ነው። በሰኔ ዝናም ሲጀምር ያበጠውን ሥር ቡቃያ ቡቃያውን አስቀርተው ይክፈሉት፤ ጥላ ባለበትና ጧት ጥቂት ፀሓይ በሚያገኝ ስፍራ፤ የበሰለ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር፤ አራት ጣት ያህል አጥልቀው፤ አንዱን ከሌላው አንድ ክንድ አራርቀው ይትከሉት። ፈጽሞ በጨለመ ስፍራ ግን ቅጠሉ ይበዛል፤ አበባው ያንሳል። ባሕር ዛፍ ሥርም አይተከል፤ ዛፉ ውሃውን ይሻማዋልና። በበጋ ውሃ ካላጣ ልምላሜው ይቈያል፤ ውሃ ካጣ ቅጠሉ ይደርቃል፤ ሥሩ ግን ተኝቶ ቈይቶ በክረምት ይነሣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቅጠሉን ቢያቃጥለው ተስፋ አይቍረጡ፤ አስቀድሞ ሥሩን ጭድ ማልበስ ይበቃል። አበባውን ለማሰሮ ሲፈልጉ በቢላዋ ከመቍረጥ ይልቅ አገዳውን ከሥሩ ይዞ ጠምዘዝ አድርጎ መንቀል ይሻላል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠውን እንናገር። የዚህ ተክል ቅጠልም ሥርም አበባም በአፍ ቢገባ ይጐዳል። በውስጡ ከጠጕር የቀጠኑ እንደ መርፌ የሾሉ ደቃቅ ነገሮች አሉና፤ ምላስንና ጕሮሮን ወግተው ያቃጥላሉ፤ ያሳብጣሉም። ጎደሬን በሚገባ ሳያበስሉ የማይበሉት ስለዚሁ ነው። ስለዚህ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ባለበት ቤት ካላን ከደጃፍ አጠገብ መትከል አይገባም፤ ወይም በአጥር ይከለል። ሕፃን ቢቀምሰው አፉን በቀዝቃዛ ውሃ ያጥቡት፤ ወተት ወይም ውሃ ይስጡት፤ ጕሮሮው ቢያብጥ ወይም ትንፋሹ ቢያጥር ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ለሞግዚቶችና ለአሽከሮችም አስቀድሞ መንገር የእመቤቲቱ ፈንታ ነው።

ደግሞም በምንጭና በወንዝ ዳር አይተከል። በምዕራብ አውስትራልያ ከአትክልት ስፍራ አምልጦ እርጥቡን መሬት ስለ ወረረ፤ መንግሥት ጐጂ አረም ብሎታል። ከብት የሚጠጣበትን ስፍራ እንዲህ ያለ ተክል ቢይዘው ጕዳቱ ለጎረቤት ሁሉ ነው። ስለ ጌጥ ብሎ የሌላውን ውሃ ማበላሸት ደግሞ ለጨዋ ሰው አይገባም።

ይህን ጥንቃቄ የሚያከብድ ሰው ቢኖር፤ በደጋው ጫካ ዳር የሚሳበው ጠምበለል አለለት። እርሱም አበባው ነጭ ነው፤ ከካላ የሚበልጥበት ደግሞ መልካም መዓዛ አለው። ሊቃውንት በላቲን «የሐበሻ» ብለው የሰየሙት ይህ ተክል ስሙም ትውልዱም የኛው ነው። እንግዳውን በጥንቃቄ ማስተናገድ መልካም ነው፤ የቤቱን ልጅ ግን በአጥር ላይ ሲያብብ አይቶ እንዳላዩ ማለፍ የሚገባ አይመስለንም።