የቶሌዶ መቻቻል

ስፔኖች ቶሌዶን ለቱሪስት ሲያስተዋውቁ «የሦስቱ ባህሎች ከተማ» ይሏታል። ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙና አይሁዱ ተቻችለው የኖሩባት ለማለት ነው። መፈክሩ በአውቶቡስ መስኮት ሲያዩት ያምራል። ከተማዋ ግን ጎዳናዋ ጠባብ፣ ዳገቷም ብዙ ነውና እስቲ በእግራችን እንግባባት።

«የፀሐይ በር» ከሚባለው አጠገብ አንዲት ትንሽ የጡብ መስጊድ አለች። በፈረንጆች አቆጣጠር በ999 ተሠራች። ካስቲላውያን ከተማዋን በ1085 ያዙ፤ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊዷ ቤተ ክርስቲያን ሆነች። ወደ ላይ ስንወጣ ካቴድራሉን እናገኛለን፤ ግንባታው በ1226 የተጀመረው ዋናው መስጊድ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ወደ አይሁድ ሰፈር ስንወርድ ደግሞ ነጫጭ ቅስቶች የተደረደሩበት ውብ ምኩራብ አለ። ስሙ ማን ይባላል? ሳንታ ማሪያ ላ ብላንካ! ምኩራብ በማርያም ስም ሲጠራ «እንዴት ሆነ?» ብሎ የማይጠይቅ ጎብኚ ምኑን ጎበኘው?

ጥቂት እልፍ ሲሉ የንጉሥ ፔድሮ ገንዘብ ያዥ የነበረው ሳሙኤል ሃሌቪ ያሠራው ምኩራብ ይገኛል። ግድግዳው ላይ ዕብራይስጥ፣ ዐረብኛና የካስቲላ ዓርማ ጎን ለጎን ተቀርጸዋል። «ይኸው መቻቻል!» የሚያሰኝ ነው። ታዲያ ያው ንጉሥ ሳሙኤልን አሳሰረው፤ ሰውየው በ1360 በሥቃይ ሞተ። በ1492 አይሁዶች «ተጠመቁ ወይም ውጡ» ተባሉ፤ በ1502 ደግሞ ተራው የካስቲላ ሙስሊሞች ሆነ።

አብረው አልሠሩም አልልም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የዐረብኛ መጻሕፍት ወደ ላቲን የተመለሱት እዚችው ከተማ ውስጥ፣ የሦስቱም እምነት ሰዎች ባሉበት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን የሰውን እውቀትና የእጅ ሥራ መውደድ አንድ ነገር ነው፤ ሰውየውን በጎረቤትነት ማኖር ሌላ። ቶሌዶ ውስጥ ቅስቱ ተወደደ፣ ጡቡ ተወደደ፤ ቅስቱን ያሠራው ሰው የልጅ ልጅ ግን ተባረረ። ቤቱ ቆሞ ባለቤቱ ከሌለ ይህን መቻቻል ብሎ መጥራት በቃሉ መቀለድ ነው።

ስለዚህ ወደ ቶሌዶ የምትሄዱ ሰዎች ፎቶውን አንሱ፣ ቅስቱንም አድንቁ። ግን በየበሩ ቆም ብላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ «የዚህ ቤት ሰዎች የት ሄዱ?»