«ከስንት ጥማድ?» የደቡብ ሱዳን 86 ነጥብ በፎገራ ሚዛን ሲለካ

ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ የሚያመርትን ገበሬ «ዘንድሮ ስንት ኩንታል ገባ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቁጥሩን ይነግራችኋል። አጠገቡ የተቀመጠው ጎረቤት ግን ዝም አይልም፤ «ከስንት ጥማድ?» ይላል። ርብ ወይም ጉማራ ሞልቶ ማሳው ላይ ተኝቶ እንደሆነም ይጠይቃል። ሃያ ኩንታል ብቻውን ወሬ ነው። ከስንት መሬት፣ በምን ዓይነት ክረምት የሚለው ሲጨመርበት ነው ምርት የሚሆነው።

ወደ ኳስ ስንመጣ ግን ይህ ብልሃት ደጅ ይቀራል። ወረታም ሆነ አዲስ አበባ፣ ጥያቄያችን ሁለት ብቻ ነው። ስንት ለስንት? ማን አገባ? በቃ! ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጩኸት ነው።

እስቲ ዛሬ ከእግር ኳስ ትንሽ ወጣ ብለን አንድ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ በፎገራው ሚዛን እንመዝን። ጨዋታው በፓሪሱ ኦሎምፒክ ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. አሜሪካና ደቡብ ሱዳን ያደረጉት ነው። ሜዳው ለእናንተ እንግዳ አይደለም፤ የፈረንሳዩ ሊል ክለብ የሚጫወትበት ፒየር ሞሯ ስታዲየም ነው። ውጤቱ 103 ለ 86። በ17 ነጥብ ልዩነት አሜሪካ አሸነፈች። «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለ?» ትሉ ይሆናል። አለ እንጂ!

ሁለት ጨዋታ በአንድ ምሽት

የመጀመሪያው አጋማሽ 55 ለ 36 ነበር ያለቀው። 19 ነጥብ ልዩነት። አሁን ቀላል መቀነስ እንሥራ። አሜሪካ ከእረፍት በኋላ ያገባችው 48 ነው። ደቡብ ሱዳን ደግሞ 50። ይኸውላችሁ! ሁለተኛውን አጋማሽ ብቻ ብንቆጥር እነ ሌብሮን ጄምስ በ2 ነጥብ ተሸንፈዋል።

ማጋነን ግን የለብንም። 19 ነጥብ የመራ ቡድን እግሩን ትንሽ ዘርጋ ያደርጋል፤ ይህ የታወቀ ነው። ደግሞም ከ11 ቀን በፊት ለንደን ላይ ባደረጉት የወዳጅነት ጨዋታ የሆነው ተቃራኒው ነበር። ደቡብ ሱዳን እረፍት ድረስ 58 ለ 42 መርታ፣ መጨረሻ ላይ በሌብሮን ጎል 101 ለ 100 ተሸነፈች። አራቱን አጋማሾች ደርድሯቸው። በ16 መርታለች፣ በ17 ተበልጣለች፣ በ19 ተበልጣለች፣ በ2 በልጣለች። ቡድኑ ሃያ ደቂቃ ከዓለም ኃያል ጋር እኩል መቆም ይችላል። አርባውን ደቂቃ ሙሉ ግን አልቻለም።

ለምን አልቻለም?

መልሱ ያለው የተጫዋቾቹ ሠንጠረዥ ላይ ነው። የምሽቱ ከፍተኛ ነጥብ አግቢ አሜሪካዊ አልነበረም። የደቡብ ሱዳኑ ኑኒ ኦሞት ነበር፤ 24 ነጥብ። ካርሊክ ጆንስ 18 ጨመረ። ሁለቱ ብቻ 42 አገቡ፤ ከ86ቱ ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረው። በአሜሪካ በኩል ከፍተኛው ባም አደባዮ ነው፤ 18። ቀጥሎ ኬቨን ዱራንት 14። ሁለቱም ደግሞ ከተቀያሪ ወንበር የተነሱ ናቸው! ስቴፈን ከሪን ጨምሮ ጨዋታውን የጀመሩት አምስቱ በድምሩ 37 ነጥብ ሲያገቡ፣ ተቀያሪዎቹ 66 አግብተዋል። በእግር ኳስ ቋንቋ እናስበው ካልን፣ ዋናው አጥቂ ባዶ እጁን ወጥቶ ከወንበር የተነሱት ሦስት ጎል አገቡ እንደማለት ነው።

የፎገራው ጎረቤት ጥያቄ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ደቡብ ሱዳን 86 ያመረተችው ከጠባብ ማሳ ነው። ሁለት ሰው ሲደክም ምርቱ ይቀንሳል። አሜሪካ ግን አንዱ ማሳ ጎርፍ ቢበላው ሌላው አለላት።

በነገራችን ላይ ስለ ኦሞት አንድ ነገር እንበል። ጋምቤላ ለምታውቁ «ኡሞድ» የሚለው ስም እንግዳ አይሆንባችሁም። እናቱ ከኢትዮጵያ ተሰድዳ ኬንያ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው የወለደችው። ያደገው አሜሪካ ሚኒሶታ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. ከግብፁ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግን ዋንጫ ሲያነሳ የውድድሩ ኮከብም ተብሏል።

19 ነጥብ ምን አስከፈለ?

«ከተሸነፉ አይቀር በ17 ሆነ በ7 ምን ልዩነት አለው?» የሚል ካለ ሒሳቡን ይከተለኝ። በኦሎምፒኩ 12 ቡድኖች በሦስት ምድብ ነበሩ። ሩብ ፍጻሜ የሚገቡት ከየምድቡ ሁለት ሁለት፣ ከሦስተኞቹ መካከል ደግሞ የተሻሉት ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛ የወጡት ደቡብ ሱዳን፣ ብራዚልና ግሪክ እያንዳንዳቸው አንድ አሸንፈው ሁለት ተሸንፈዋል። የለየው የነጥብ ልዩነት ነው፤ ልክ እንደኛ የጎል ክፍያ።

ደቡብ ሱዳን ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 ረትታለች፤ 11 ትርፍ። ለአሜሪካ 17 ከፈለች። በሰርቢያ 96 ለ 85 ተሸነፈች፤ 11 ዕዳ። ድምሩ 17 ዕዳ። ብራዚል 7 ዕዳ፣ ግሪክ 8 ዕዳ ነበረባቸው። እንግዲህ ደቡብ ሱዳን በአሜሪካ የተሸነፈችው በ17 ሳይሆን በ7 ቢሆን ኖሮ ግሪክን አስቀርታ ሩብ ፍጻሜ ትገባ ነበር። አሥር ነጥብ! ያቺ የመጀመሪያዋ አጋማሽ ነች ወደ ቤት የሸኘቻቸው። «ጨዋታው አልቋል» በሚባልበት ሰዓት የሚገባ ነጥብ ዋጋ ያለው ለዚህ ነው።

ወደ ቤታችን

እኛስ? በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ ግብፅን 4 ለ 2 እንደረታን ሁሉም ያውቃል። በዚያው ዓመት ካይሮ ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ላይ ከአምስቱ ተሳታፊዎች አንዷ ኢትዮጵያ እንደነበረች ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ደቡብ ሱዳን ያኔ አገር አልነበረችም። ነፃ የወጣችው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። የቀድሞው የቺካጎ ቡልስ ተጫዋች ሉዎል ዴንግ ፌዴሬሽኑን ይዞ ልጆቹን ከዓለም ዙሪያ አንድ በአንድ ለቀመ፤ ከራሱም ኪስ አወጣ። ልጅን ከሩቅ ሆኖ ለመልቀም ደግሞ ስሙ የሆነ ወረቀት ላይ መኖር አለበት።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በ2013 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ዋንጫ ላይ ከዛምቢያ 1 ለ 1 የወጣንበትን ጨዋታ ውጤቱ ብቻ ለማያውቅ ሰው ብትነግሩት «ደህና ነው» ይላል። በረኛችን ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጥቶ፣ ሳላዲን ሰይድ ፍፁም ቅጣት ምት ስቶ፣ አዳነ ግርማ በአሥር ሰው አቻ እንዳደረገን ሲሰማ ግን ያ 1 ለ 1 ሌላ ነገር ይሆንበታል። ያንን ጨዋታ ስላየነው እናስታውሳለን። ማንም ያላየው የወረታ ልጅስ?

ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም። አንድ ደብተር፣ አንድ እስክርቢቶ፣ ሜዳ ዳር የሚቀመጥ አንድ ትጉህ ተማሪ። ስንት ደቂቃ ተጫወተ? ስንት ሞከረ፣ ስንቱ ገባ? ስንት ኳስ ነጠቀ፣ ስንት አስነጠቀ? እነዚህ በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው ውድድር ለሦስት ዓመት ቢጻፉ ያለ ጩኸት የሚናገር ማስረጃ ይሆናሉ። «ይሄ ልጅ ጎበዝ ነው» የሚለው አሠልጣኝ ቃል ብቻ ይዞ ባሕር ዳር አይሄድም።

ፎገሬው ሩዙን ሲመዝን የማይስተውን እኛ ልጆቻችንን ስንመዝን መሳት የለብንም። በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ «አሥር ጎል አገባ» ብሎ ሲፎክር አትጨብጭቡ ቶሎ። መጀመሪያ ጠይቁት፤ ከስንት ጥማድ?